ዶሮዋ አድጋ ከጨረሰች በኋላ የዕድገት ሆርሞን ምን ይሠራል?

አንዲት የእንቁላል ዶሮ በሃያኛው ሳምንቷ ገደማ ቄብነቷን ጨርሳ መጣል ስትጀምር፣ አጥንቷ የሚረዝምበት ጊዜ ወደ ማብቂያው ደርሷል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ብትቆይ ቁመት አትጨምርም። ይሁን እንጂ ከአንጎሏ ሥር የተንጠለጠለችው ፒቱታሪ የምትባለው ትንሽ ዕጢ «የዕድገት ሆርሞን» የሚል ስም የወጣለትን ፕሮቲን ማመንጨቷን አታቆምም። በደሟ ውስጥ የሚገኘው መጠን ከጫጩትነቷ ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው፤ ግን ጨርሶ አይጠፋም። በአንጻሩ ይህን ሆርሞን ለመያዝ የተሰናዳው የጉበቷ አቅም ከጫጩትነቷ ጊዜ ይበልጣል። ማደግ ያቆመ አካል ይህን ሆርሞን ለምን ያመነጫል? ጉበቱስ ለምን ይጠብቀዋል?

መልሱ ባጭሩ፣ ባደገች ዶሮ አካል ውስጥ የዚህ ሆርሞን ዋና ተግባር ሌሎች ሆርሞኖችን መቆጣጠር ነው የሚል ነው። ከእነዚህም ውስጥ በጣም በግልጽ የሚታየው በታይሮይድ ሆርሞን ላይ ያለው ሥልጣን ነው። ስሙ በጫጩትነት ዘመን ከሚሠራው ሥራ የተወሰደ ስለሆነ አንባቢን ማሳሳቱ አይቀርም፤ ስለ ዶሮና ስለ ሆርሞን በየገበያውና በየማዕዱ የሚነገሩ ብዙ የተሳሳቱ ወሬዎችም ከዚሁ ስም የተነሡ ይመስሉኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ተገቢ ነው።

የዶሮ የዕድገት ሆርሞን 191 አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሠሩት ፕሮቲን ነው። የሚመረተው በፒቱታሪ ዕጢ የፊተኛው ክፍል ሲሆን፣ በዶሮ ላይ ይህ ክፍል ራሱ በሁለት የተከፈለ ሆኖ የዕድገት ሆርሞን የሚያመርቱት ሕዋሳት በአብዛኛው ከኋላ በኩል ባለው ቁራጭ ተሰብስበው ይገኛሉ። ሕዋሳቱ በራሳቸው ፈቃድ አይሠሩም። ከበላያቸው ያለው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በአንድ በኩል «ልቀቁ» የሚሉ መልእክቶችን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሶማቶስታቲን በሚባለው ንጥረ ነገር አማካይነት «አቁሙ» የሚል መልእክት ይልክላቸዋል። ሆርሞኑ ወደ ደም የሚለቀቀው እንደ ምንጭ ውኃ ሳይቋረጥ በመፍሰስ ሳይሆን እንደ ልብ ምት በየጊዜው ብቅ ጥልቅ እያለ ነው። በጫጩትነት ጊዜ እነዚህ ምቶች ከፍ ያሉ ናቸው፤ ዶሮዋ ለአቅመ እንቁላል ስትደርስ ዝቅ ይላሉ።

እዚህ ላይ ወፎችን ከእኛ የሚለይ አንድ ነገር አለ። በሰው አካል ውስጥ ሃይፖታላመስ ታይሮይድን ለማነቃቃት የሚልከው መልእክተኛ (ቲአርኤች ይባላል) በዋናነት የሚያዘው የታይሮይድ አነቃቂ ሆርሞን እንዲለቀቅ ነው። በዶሮ ግን ይኸው መልእክተኛ የዕድገት ሆርሞንንም በኃይል ያስለቅቃል። እንዲሁም በጭንቀት ጊዜ የሚላከው ሌላ መልእክተኛ በዶሮ ላይ የታይሮይድ አነቃቂ ሆርሞንን የማስለቀቅ ኃይል አለው። በረሃብ ጊዜ ከጨጓራ የሚወጣውና በእኛ ላይ የምግብ ፍላጎትን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ደግሞ በዶሮ አንጎል ውስጥ ሲሰጥ የዕድገት ሆርሞንን ከፍ እያደረገ የመብላት ፍላጎትን ግን ይቀንሳል። ከእነዚህ ነገሮች የምንረዳው፣ በሰው ወይም በአይጥ ላይ የተገኘውን ዕውቀት እንዳለ ወደ ዶሮ ማዛወር እንደማይቻል፣ በዶሮም አካል የዕድገት ሆርሞን መንገድና የታይሮይድ መንገድ ከመነሻቸው የተጠላለፉ መሆናቸውን ነው።

ከፒቱታሪ የወጣው ሆርሞን በደም ተጉዞ ከሁሉ በላይ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። የጉበት ሕዋሳት ሽፋን ላይ ለዚህ ሆርሞን ብቻ የተበጁ ተቀባይ ፕሮቲኖች ተተክለዋል። ሆርሞኑ ከተቀባዩ ጋር ሲጋጠም ሕዋሱ ውስጥ የትእዛዝ ሰንሰለት ይነሣና ጉበቱ ሁለት ነገሮችን ይሠራል። የመጀመሪያው በብዙዎች የሚታወቀው ነው፤ አይጂኤፍ-1 የተባለውንና በቅርጹ ኢንሱሊንን የሚመስለውን ሌላ ሆርሞን ያመርታል። አጥንትንና ጡንቻን በቀጥታ የሚያሳድገው በአብዛኛው ይህ ነው። አይጂኤፍ-1 በደም ውስጥ ሲበዛ ተመልሶ ወደ ፒቱታሪ በመሄድ የዕድገት ሆርሞን እንዲቀንስ ያደርጋል፤ ልጅ አባቱን «ይበቃል» እንደሚለው ማለት ነው። ሁለተኛው ሥራ ከቀዳሚው ያነሰ ታዋቂ ቢሆንም ያደገች ዶሮን በተመለከተ እኔ የበለጠ የምቆምበት እርሱ ነው፤ ይኸውም ጉበቱ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚያፈርስበትን ፍጥነት ይቀንሳል።

ይህን ለመረዳት ስለ ታይሮይድ ሆርሞን ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የዶሮ ታይሮይድ ዕጢ ወደ ደም የሚያፈሰው ከሞላ ጎደል ቲ4 የሚባለውን ሆርሞን ሲሆን፣ ስሙ የመጣው በላዩ ላይ ከተሰኩት አራት የአዮዲን አቶሞች ነው። ቲ4 እንደ ጥሬ እህል ነው፤ ብዙ ኃይል የለውም። በትክክለኛው ቦታ ያለው አንድ አዮዲን ሲነቀልለት ቲ3 ወደሚባለው የበሰለ ሆርሞን ይለወጣል። የሰውነት ሙቀት በ41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲቆይ የሚያግዘው፣ ሕዋሳት ስኳርና ቅባት የሚያቃጥሉበትን ፍጥነት የሚወስነው፣ በላባ መብቀልም ውስጥ የራሱ ድርሻ ያለው ይህ ቲ3 ነው። አዮዲኑ ከተሳሳተ ቦታ ከተነቀለ ግን ቲ4 ወደማይረባ ነገር ይቀየራል፤ ቲ3 ራሱም አንድ አዮዲን ቢነቀልበት ኃይሉን ያጣል።

አዮዲን የሚነቅሉት ዲአዮዲኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ሲሆኑ ዓይነታቸው ሦስት ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። ዓይነት 1 በጉበት ውስጥ ቲ4ን ወደ ቲ3 ያበስላል። ዓይነት 3 ደግሞ ቲ3ን ያፈርሳል፤ ቲ4ንም ቲ3 ከመሆኑ በፊት ያባክነዋል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው የቲ3 መጠን የሚወሰነው ታይሮይድ ዕጢ ባመረተው ብቻ ሳይሆን በእነዚህ በሁለቱ ኢንዛይሞች ሚዛን ጭምር ነው።

በቤልጂየም በሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ኩን፣ ቪርሌ ዳራስና ባልደረቦቻቸው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በዚህ ጉዳይ ላይ በትዕግሥት ሠርተዋል። በመጀመሪያ የታየው ነገር ግር የሚያሰኝ ነበር። ለዶሮ ወይም ሊፈለፈል ለደረሰ ፅንስ የዕድገት ሆርሞን በመርፌ ሲሰጥ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ በደሙ ያለው ቲ3 ከፍ ይላል፤ ቲ4 ግን አይጨምርም። ታይሮይድ ዕጢው ተነቃቅቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ መጨመር የነበረበት ቲ4 ነው። ስለዚህ ጭማሪው ከዕጢው የመጣ አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎ የተገመተው፣ ሆርሞኑ ዓይነት 1 ኢንዛይምን አነቃቅቶ ቲ4 በብዛት ወደ ቲ3 እንዲለወጥ አድርጎ ይሆናል የሚል ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ጥናቶችም ነገሩን በዚህ መልክ ነበር የተረጎሙት። የጉበቱ ኢንዛይሞች አንድ በአንድ ሲለኩ ግን ዓይነት 1 ባለበት ቆሞ ተገኘ። የተለወጠው ዓይነት 3 ነበር፤ የዕድገት ሆርሞኑ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በጉበት ያለው የዓይነት 3 ሥራ በእጅጉ ወርዶ ነበር።

ነገሩን በበርሜል እንየው። በላይ በኩል ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ አለ፤ በታች በኩል ደግሞ የሚፈስበት ቀዳዳ አለ። የውኃው ከፍታ ሲጨምር ያየ ሰው ቧንቧው ተከፍቷል ብሎ ማሰቡ የተለመደ ነው። እዚህ ግን ቧንቧው አልተነካም፤ የጠበበው የታችኛው ቀዳዳ ነው። የዕድገት ሆርሞን ለጉበት «ቲ3 አምርት» አይለውም፤ «ያለውን አታፍርስ» ይለዋል። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎችም ሆርሞኑ ይህን የሚያደርገው ዓይነት 3 ኢንዛይም የሚሠራበትን የዘረመል መመሪያ ንባብ በመቀነስ መሆኑን አሳይተዋል። መመሪያውም ኢንዛይሙም ዕድሜያቸው አጭር በመሆኑ፣ አዲስ መሠራት ሲቀንስ ውጤቱ በሰዓታት ውስጥ ይታያል። የአካል ዕድገት ሳምንታትና ወራት የሚፈጅ ነገር ሲሆን ይህ ግን በአንድ ረፋድ የሚፈጸም ቁጥጥር ነው፤ ይህ የፍጥነት ልዩነት ብቻ እንኳ ሆርሞኑ ከማሳደግ ሌላ ሥራ እንዳለው ይመሰክራል።

ሰንሰለቱ በዚህ አያበቃም። ከፍ ያለው ቲ3 በደም ተመልሶ ወደ ላይ ይሄድና የዕድገት ሆርሞን መለቀቅን ይገታል። የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ባለባቸው ዶሮዎች ላይ የዕድገት ሆርሞን ከፍ ብሎ መገኘቱ፣ ቲ3 ሲሰጣቸውም መውረዱ የዚህ ማስረጃ ነው። ስለዚህ በጎልማሳ ዶሮ ላይ ሁለት የተዘጉ ክቦች እናገኛለን። በአንደኛው የዕድገት ሆርሞን አይጂኤፍ-1ን ያስነሣል፣ አይጂኤፍ-1 ደግሞ እርሱን መልሶ ይገታዋል። በሁለተኛው የዕድገት ሆርሞን ቲ3ን ከመፍረስ ይጠብቃል፣ ቲ3 ደግሞ እርሱን መልሶ ይገታዋል። ባደገች ዶሮ ደም ውስጥ የዕድገት ሆርሞን ዝቅ ብሎ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ዶሮዋ ስላላስፈለጋት ሳይሆን፣ ጉበቷ ለሆርሞኑ ንቁ በመሆኑ በጥቂቱ ብዙ ስለሚሠራና ግብረ መልሱም ጠንካራ ስለሆነ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ይህ ሁሉ በመርፌና በላቦራቶሪ የተገኘ ነው። ሆኖም ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው አንድ ሙከራ አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምደነቅበት እርሱ ነው። በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት የዶሮ ዘረመል ተመራማሪ ፍሬድሪክ ሃት እ.ኤ.አ. በ1959 በጾታ ክሮሞዞም የሚወረስ ድንክነት በዶሮ ላይ መኖሩን በዝርዝር ገልጸው ነበር። እነዚህ ድንክ ዶሮዎች ሲፈለፈሉ ከሌሎቹ አይለዩም፤ እያደጉ ሲሄዱ ግን እግራቸው ያጥራል፣ ክብደታቸውም ሴቶቹ ላይ በአንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ወንዶቹ ላይ ከዚያም በበለጠ ያንሳል። ማንኛውም ሰው «የዕድገት ሆርሞን አንሷቸው ነው» ብሎ ይገምታል። ደማቸው ሲለካ ግን የዕድገት ሆርሞናቸው ከጤነኞቹ በልጦ ተገኘ።

ችግሩ በላኪው ሳይሆን በተቀባዩ ላይ ነበር። የዕድገት ሆርሞን ተቀባይን የሚሠራው ዘረመል ተበላሽቷል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። ሆርሞኑ ጉበት ድረስ ይደርሳል፤ የሚይዘው ግን የለም። በዚህ ምክንያት አይጂኤፍ-1 ይወርዳል፤ የሚገታው ስለጠፋም ፒቱታሪ ሆርሞኑን ያለ ልክ ትለቃለች። በሰው ላይም ተመሳሳይ ሕመም አለ፤ እስራኤላዊው ሐኪም ዝቪ ላሮን እ.ኤ.አ. በ1966 ባልደረቦቻቸውን ይዘው የገለጹትና በስማቸው የሚጠራው የድንክነት ዓይነት ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት መነሻ አለው።

አሁን ወደ ታይሮይድ እንመለስ። ከላይ የተናገርነው እውነት ከሆነ፣ ተቀባይ የሌላት ዶሮ ጉበቷ «ቲ3ን አታፍርስ» የሚለውን ትእዛዝ መስማት ስለማይችል ቲ3ዋ ዝቅ ማለት አለበት። በእርግጥም ዝቅ ያለ ነው። የእነዚህ ድንክ ዶሮዎች ታይሮይድ ዕጢ ቲ4 ማምረት አያቅተውም፤ ቲ3 ግን ሁልጊዜ ያንሳቸዋል። የዕድገት ሆርሞን በመርፌ ቢሰጣቸው፣ ወይም እርሱን የሚያስለቅቀው ቲአርኤች ቢሰጣቸው፣ ጤነኞቹ ላይ የሚታየው የቲ3 ጭማሪ እነርሱ ላይ አይታይም። አንድን ሐሳብ በመርፌ ሲደግፉትና በተፈጥሮ ጉድለት ሲፈትኑት ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ቦታ ካደረሱ፣ ሐሳቡ ጠንካራ መሠረት አለው ማለት ነው።

ድንኳ ዶሮ ስለ ጎልማሳነት ሌላም ነገር ትነግረናለች። ከአካሏ አንጻር ሲታይ ቅባት ታበዛለች፤ ይህም የዕድገት ሆርሞን በአደገ አካል ውስጥ ስብን በመቆጣጠር ረገድ ድርሻ እንዳለው ያመለክታል። ቲ3 ስለሚያንሳት ሰውነቷ የሚያቃጥለው ጉልበት ያነሰ ነው፤ መኖዋም ያነሰ ነው። ይህን ያስተዋሉ አርቢዎች፣ በተለይም በፈረንሳይ፣ የሥጋ ዶሮ እናቶችን ድንክ ማድረግ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተውታል። እናቲቱ ትንሽ ናት፣ ጥቂት ትበላለች፣ ከከባዶቹ ዝርያዎች ሴቶች ይልቅ የቅርፊት ጉድለት ያለባቸውና ሁለት አስኳል የያዙ እንቁላሎች ከእርሷ ያነሱ ናቸው፤ ጫጩቶቿ ግን ድንክ አይሆኑም። ይህ የሚሆነው በወፎች የጾታ ውርስ ምክንያት ነው። ሴት ዶሮ አንድ ዜድ ክሮሞዞም ብቻ ስላላት ያንን ዜድ የምታወርሰው ለወንድ ልጆቿ ነው፤ ሴት ልጆቿ ዜዳቸውን የሚያገኙት ከአባታቸው ነው። አባቱ ጤነኛና ትልቅ አውራ ዶሮ ከሆነ ሴቶቹ ጫጩቶች ሙሉ ጤነኞች ይሆናሉ፣ ወንዶቹም አንድ ጤነኛ ቅጂ ስለሚይዙ ከመደበኛው ክብደት ብዙ አይርቁም። የአንድ ተቀባይ ፕሮቲን ጉድለት በዘዴ ሲያዝ ለመኖ ቁጠባ እንደዋለ ማየት ያስደስታል።

በመኖ ማጣት ጊዜ የሚሆነው ደግሞ አርቢውን ይበልጥ የሚመለከት ነው። ዶሮ መኖ ሲቋረጥባት የዕድገት ሆርሞኗ ከፍ ይላል። ይህን የሰማ ሰው አይጂኤፍ-1ና ቲ3ም አብረው ከፍ ይላሉ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሁለቱም ይወርዳሉ። በጉበት ያለው ዓይነት 3 ኢንዛይም ይበዛል፣ ቲ3 ቶሎ ቶሎ ይፈርሳል። አንዱ ምክንያት በረሃብ ጊዜ ጉበት ሆርሞኑን የሚይዝበት አቅሙ ስለሚቀንስ ነው ተብሎ ይታሰባል። ላኪው ጮኾ ቢጣራ ተቀባዩ ጆሮውን ደፍኗል፤ አካሉ ለጊዜው ያህል የድንክ ዶሮ አካል መሰለ ማለት ይቻላል። ይህም ጥበብ አለበት፤ የሚበላ ነገር በጠፋበት ሰዓት ምድጃውን ማጋጋል የለበትም። ከፍ ብሎ የሚቆየው የዕድገት ሆርሞን ግን በከንቱ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የተከማቸ ስብ ተፈትቶ ለጉልበት እንዲውል ያግዛል ተብሎ ይታመናል። መኖ ሲመለስ ዓይነት 3 በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፣ ቲ3ም ይመለሳል። ስለዚህ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ አንድ ሙሉ ቀን መኖ ብታጣ በሆድ ብቻ የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ የሆርሞኖቿ አሰላለፍ በሙሉ ይቀየራል። መኖ በገበያ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲንር «ዛሬን ትዋልበት» የሚል አርቢ፣ በማግሥቱ እንቁላል ሲቀንስበት በሽታ ከመጠርጠሩ በፊት ይህን ቢያስብ ይጠቅመዋል።

ስለ እንቁላል ዕጢዋም ባጭሩ ልናገር። የዕድገት ሆርሞን ተቀባይ በዶሮ የእንቁላል ዕጢ ውስጥም አለ፤ ከዚህም በላይ ዕጢው ራሱ ጥቂት የዕድገት ሆርሞን ያመርታል። ከዚህ ዕጢ የተወሰዱ ሕዋሳት በላቦራቶሪ ውስጥ ሆርሞኑ ሲጨመርባቸው ይባዛሉ፣ የፕሮጄስትሮን ምርታቸውም ይለወጣል። በአእምሮና በበሽታ መከላከያ አካላትም ውስጥ በቦታው ተመርቶ በቦታው የሚሠራ የዕድገት ሆርሞን ይገኛል። ይህ ከፒቱታሪ ውጭ የሚመረተው ሆርሞን በደም ምርመራ አይታይም፤ ስለዚህ «በደሟ ትንሽ ነው» ማለት «በሰውነቷ ሥራ የለውም» ማለት እንዳልሆነ ያስታውሰናል።

ከዚሁ ጋር አንድ ዘመድ ሆርሞን መጥቀስ ይገባል፤ እርሱም ፕሮላክቲን ነው። ፕሮላክቲንና የዕድገት ሆርሞን በጥንት ዘመን ከአንድ ዘረመል የተከፈሉ እኅትማማች ፕሮቲኖች ናቸው፤ የሚወጡትም ከአንዲት ፒቱታሪ ነው፤ ሥራቸው ግን ተለያይቷል። የሐበሻ ዶሮ ጥቂት እንቁላል ከጣለች በኋላ ቁጭ ብላ የምትታቀፈው፣ አላስነሣም ስትልም እናቶቻችን ወደ ጎረቤት ቤት የሚወስዷት ወይም ቁልቁል የሚያንጠለጥሏት በፕሮላክቲን ምክንያት ነው። ፕሮላክቲን ሲወጣ እንቁላል ማኮረቱ ይቆማል። ጎጆዋ ሲለወጥባትና እንቁላሉ ከደረቷ ሥር ሲወሰድባት ፕሮላክቲኑ ይወርዳል፤ ስለዚህ የቦታ ለውጡ ዘዴ ሳይንሱም የሚደግፈው ነው፤ ቁልቁል ማንጠልጠሉን ግን ዶሮዋን ከማሠቃየት በስተቀር አላስፈላጊ ሆኖ አገኘዋለሁ።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ። «የፈረንጅ ዶሮ በሆርሞን መርፌ ነው የሚያድገው» የሚለው አባባል አገር ቤትም በውጭም ካሉ ወገኖቻችን አፍ አይጠፋም። አሜሪካ የሚኖር አንባቢ የዶሮ ማሸጊያ ላይ «ሆርሞን አልተጨመረበትም» የሚል ጽሑፍ ሲያይ፣ ሌላው ተጨምሮበት ነው ብሎ ማሰቡ አያስገርምም። ማሸጊያውን ዝቅ ብሎ ቢያነብ ግን የፌዴራሉ ሕግ በዶሮ ላይ ሆርሞን መጠቀምን እንደሚከለክል የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አብሮ መጻፍ ግዴታ መሆኑን ያያል። ወሬው ከባዶ የተነሣም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ በወጣት አውራ ዶሮዎች አንገት ሥር እንክብል ይቀበር ነበር፤ በውስጡ የነበረው ግን የዕድገት ሆርሞን ሳይሆን ሥጋውን ለማለስለስና ለማወፈር የተሰጠ ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1959 በዶሮ ላይ እንዳይውል ታግዷል።

የዕድገት ሆርሞንን በተመለከተ ነገሩ የሚያቅተው ከሕጉም በፊት በተፈጥሮው ነው። ሆርሞኑ ፕሮቲን ስለሆነ በመኖ ውስጥ ቢጨመር ዶሮዋ እንደ ባቄላ ፕሮቲን ታዋህደዋለች፤ ሆርሞንነቱ በጨጓራዋ ውስጥ ያልቃል። ሰውም ቢሆን በዶሮው ሥጋ ውስጥ ያለውን ጥቂት የተፈጥሮ ሆርሞን አብስሎና አዋህዶ ያጠፋዋል። በመርፌ ቢሰጥ ደግሞ በደም ውስጥ በደቂቃዎች ስለሚያልቅ አንድ ጊዜ ወግቶ መተው አይበቃም። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተፈጥሮን ለመምሰል ብለው በደም ሥር በተተከለ ቀጭን ቱቦ በየ90 ደቂቃው በመጠን እየለቀቁ ሞክረውታል። በአንዳንድ ሙከራ ዕድሜያቸው ገፋ ባሉ ዶሮዎች ላይ ስብ ቀንሶ መኖ በተሻለ ሁኔታ ወደ ሥጋ ተለውጧል፤ በሌላ ጊዜ ግን መጠኑ ሲጨመር ዶሮዎቹ መኖ ቀንሰዋል፣ ቲ3 ከፍ ብሏል፣ ክብደታቸውም አልጨመረም። ይህ ውጤት ከላይ ላነበበ ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ ሆርሞኑ የቲ3ን ማፍሰሻ ቀዳዳ ይዘጋል፣ ቲ3ም ሲበዛ አካሉ ያለውን ያቃጥላል። በሺህ ለሚቆጠሩ ዶሮዎች በየሰዓት ተኩሉ መርፌ የሚሰጥ የዶሮ እርባታም የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ታዲያ የሥጋ ዶሮ በስድስትና በሰባት ሳምንት ለዕርድ የሚደርሰው በምንድን ነው? በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በ1957 እና በ1978 እንደነበሩ ተጠብቀው የቆዩ ሁለት የዶሮ ዘሮችን ከ2005 የንግድ ዝርያ ጋር ጎን ለጎን፣ አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ አሳድገው መዝነዋቸዋል። በ56ኛው ቀን የ1957ቱ ዶሮ በአማካይ 905 ግራም፣ የ1978ቱ 1,808 ግራም፣ የ2005ቱ ደግሞ 4,202 ግራም መዘነ። ለሦስቱም መኖው አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ መርፌውም አንዳቸው ላይ ያልነበረ በመሆኑ ልዩነቱ የመጣው ከትውልድ ወደ ትውልድ ትልልቆቹን እየመረጡ ከማርባት ነው። ምርጫውም ከሁሉ በላይ የያዘው የዶሮውን የመብላት ፍላጎትና የጡንቻውን ዘረመል እንጂ የዕድገት ሆርሞኑን ብዛት አልነበረም። ቀስ ብለው የሚያድጉት የእንቁላል ዝርያዎችና በፍጥነት የሚያድጉት የሥጋ ዝርያዎች በእኩል ዕድሜ ደማቸው ተወስዶ ሲነጻጸር፣ በተደጋጋሚ ከፍ ያለ የዕድገት ሆርሞን የተገኘው በቀጫጮቹ በእንቁላል ዝርያዎቹ ደም ውስጥ ነው።